ዱኮቹ አለቁ፣ የድሆቹ ቤት ግን አለ፤ የዩኤልም መንደር ጉዳይ

ስለ እንግሊዝ መኳንንት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ማን ማንን አገባ፣ ማን ማንን አስገደለ፣ ዙፋኑ ለማን ደረሰ የሚል ነው። እኔን ግን ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለችኝ አንዲት ትንሽዬ መንደር ናት፣ ዩኤልም ትባላለች፣ ኦክስፎርድሺር ውስጥ ከቺልተርን ኮረብታዎች ሥር፣ ከዋሊንግፎርድ ከተማ ትንሽ ራቅ ብላ ያለች። ስሟ በድሮው እንግሊዝኛ የምንጭ መነሻ ማለት ነው፣ እውነትም መንደሯ መሀል ከኖራ ድንጋይ ሥር ጥርት ያለ ውሃ ይፈልቃል፣ በዚያ ውሃ ላይ ዋተርክሬስ የሚሉትን ሰላጣ የሚሆን ቅጠል እስከ 1988 ድረስ እያበቀሉ ይሸጡ ነበር። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከውሃው ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ሦስት ነገር ተያይዞ ቆሟል፣ ከላይ ቤተክርስቲያኑ፣ ከሱ በደረጃ ወረድ ሲባል የድሆች መኖሪያው፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ትምህርት ቤቱ። ሦስቱም ከስድስት መቶ ዓመት ትንሽ ፈሪ ነው ዕድሜያቸው። ሦስቱም ደግሞ ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው፣ ማለትም ሙዚየም አልሆኑም፣ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ልጅ ይማርባቸዋል፣ ይጸለይባቸዋል። እነዚህን ያሠራው ቤተሰብ ግን ከንጉሥ ቀጥሎ የሚባል ቤተሰብ ሆኖ፣ ግማሽ እንግሊዝን ያንቀጠቀጠ ሆኖ፣ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ከነዘር ማንዘሩ አለቀ፣ የኖረበት ግቢም ፈረሰ። ታዲያ ለምንድነው ጉልበተኛው ጠፍቶ ደካማው የቀረው? ይሄን ነው ላየው የፈለግኩት፣ እና መልሱ ዕድል ብቻ አይመስለኝም፣ አንዲት ሴትና አንድ ደንብ አሉበት።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከሴትየዋ አያት እንነሳ። አያቷ ጄፍሪ ቾሰር ነው፣ የእንግሊዝኛ ግጥም አባት የሚባለው ሰውዬ፣ እሱ ራሱ ደግሞ የለንደን ወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ ነው። በ1400 ሲሞት ቶማስ የሚባል ልጅ ትቶ ነበር። ቶማስ እንደ አባቱ የግጥም ሳይሆን የቢሮ ሰው ነው፣ ንጉሥ ቤት ለመጠጥ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበር፣ ለፓርላማው ደግሞ አምስት ጊዜ አፈ ጉባኤ ሆኖ ተመርጧል። ያገባት ሴት ማውድ በርገርሽ ትባላለች፣ የዩኤልም ርስት የመጣው በእሷ በኩል ነው፣ ምክንያቱም አባቷ ሰር ጆን በርገርሽ ወንድ ልጅ ሳይተካ ስለሞተ መሬቱ ለሴቶች ልጆቹ ደረሰ። ስለዚህ ዩኤልም በሴት ነው የተወረሰችው፣ ከማውድም ወደ አንድ ልጇ ወደ አሊስ በሴት ነው የተላለፈችው። ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

አሊስ ቾሰር በ1404 ገደማ ተወለደች። ገና ልጅ ሆና ሰር ጆን ፊሊፕ ለሚባል ባላባት ተዳረች፣ እሱ በ1415 ንጉሡ ፈረንሳይን ሊወጋ ሲሄድ አብሮ ሄዶ ሃርፍለር የምትባለው ወደብ ላይ ሠራዊቱን በፈጀው ተቅማጥ ሞተ። እሷ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ገደማዋ ነው! በአሥራ አንድ ዓመቷ ባሏ የሞተባት ሴት። ቀጥሎ የሶልዝበሪ ኤርል ቶማስ ሞንታኪዩትን አገባች (ከመኳንንቱ ማዕረግ ከፍተኛው ዱክ ነው፣ ቀጥሎ ማርኪስ፣ ከዚያ ኤርል)፣ ስመ ጥር የጦር አዛዥ ነበር፣ እሱን ደግሞ በ1428 ኦርሌያን ከተማን ከቦ ሳለ የመድፍ ጥይት ፊቱን መትቶት ሞተ። ከሱ በኋላ ኦርሌያን ላይ አዛዥነቱን ከተረከቡት ዋናው የሳፎክ ኤርል ዊልያም ደ ላ ፖል ነበር፣ በዓመቱ ዣን ዳርክ የነበረችበት ጦር ማረከው፣ ቤዛ ከፍሎ ተለቀቀና በ1430 የቀድሞ አለቃውን ሚስት፣ አሊስን አገባ።

ደ ላ ፖሎች ከየት መጡ? ከሃል ከተማ፣ ከሱፍ ንግድ። ቅድመ አያቱ ለንጉሥ ብር የሚያበድር የሱፍ ነጋዴ ነበር፣ በገንዘብ ገብተው ነው መኳንንት የሆኑት፣ የኤርልነት ማዕረግ የተሰጣቸው በ1385 ነው፣ እሱንም የተሰጠው ሰውዬ በዓመቱ በፓርላማ ተከሰሰ፣ ኋላም አገር ጥሎ ኮበለለና ፓሪስ ላይ ሞተ። የዊልያም አባት እዚያው ሃርፍለር ላይ በዚያው ተቅማጥ ሞተ፣ የአሊስ የመጀመሪያ ባል በሞተበት ዘመቻ ማለት ነው፣ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ አዠንኩር ጦርነት ላይ ወደቀ። በአንድ መኸር አባትም ወንድምም። በዚህ ነው ሁለተኛው ልጅ ዊልያም ኤርል የሆነው። እንግዲህ የወይን ነጋዴ የልጅ ልጅ ልጅና የሱፍ ነጋዴ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው የተጋቡት፣ ሁለቱም ቤት በሦስት አራት ትውልድ ከገበያ ተነስቶ ቤተመንግሥት የገባ፣ ሁለቱም ደግሞ ሞት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ቀድሞ ያየ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1437 ዊልያምና አሊስ ከንጉሥ ሄንሪ 6ኛ ፈቃድ አወጡ፣ ዩኤልም ላይ የድሆች ቤት ሊያቋቁሙ። ፈቃዱ ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ በዚያን ጊዜ ሕግ መሬት ለሰው ሳይሆን ለተቋም ከተሰጠ ንጉሡ ይከስራል፣ ምክንያቱም ሰው ይሞታል፣ ሲሞት ወራሹ ለንጉሥ ይከፍላል፣ ወራሽ ከሌለ መሬቱ ለንጉሥ ይመለሳል፣ ከከዳም ይወረሳል፣ ተቋም ግን አይሞትም አይወልድም አይከዳም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ስጦታ ያለ ንጉሥ ፈቃድ ክልክል ነበር። ፈቃዱን ሲያገኙ ቤቱ የራሱ ስም፣ የራሱ ማህተም፣ የራሱ መሬት ያለው አካል ሆነ። ስሙ የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ የደ ላ ፖል ቤት አይደለም። መተዳደሪያ እንዲሆነው ሦስት ርስት ጎለቱለት ብንል ያስኬዳል፣ ማርሽ ጊበን ባኪንግሃምሺር ውስጥ፣ ኮኖክ ዊልትሺር ውስጥ፣ ራምሪጅ ሃምፕሺር ውስጥ። ሦስቱም ዩኤልም ውስጥ አይደሉም፣ ሦስቱም በተለያየ አውራጃ ናቸው።

ይሄ ነገር ነው እኔን ቁጭ ያደረገኝ። ሰው በሕይወት እያለ ድሃ ማብላት ይችላል፣ ብዙ ጌታ በየቀኑ በሩ ላይ ፍርፋሪ ያስበተናል፣ ጌታው ሲወድቅ ግን ፍርፋሪውም አብሮ ይወድቃል። እነሱ ከጓዳቸው አልሰጡም፣ መሬቱን ከራሳቸው ቆርጠው ለቤቱ ሰጡት፣ ከዚያ በኋላ የነሱም አይደለም። ኪራዩ ከማርሽ ጊበን ገበሬ ተነስቶ በቀጥታ ዩኤልም ድሆች ጋ ይደርሳል፣ መሀል ላይ ዱክ የለም።

ደንቡ ደግሞ የሚገርም ነው፣ እድር ውስጥ ኮሚቴ ሆኖ ያገለገለ ሰው ቢያነበው ይገባዋል። አሥራ ሦስት ድሃ ወንዶችና ሁለት ካህናት ናቸው። ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ሚኒስተር ይባላል፣ ማለት የጓደኞቹ አለቃ፣ ራሱም ድሃ ነው ግን ሥርዓት ያስከብራል። ከካህናቱ አንዱ የቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ሁለተኛው አስተማሪ ነው፣ የዩኤልምን ልጆችና ቤቱ መሬት ካለባቸው ከነዚያ ሦስት ቦታዎች የሚመጡ ልጆችን ሰዋስው በነፃ እንዲያስተምር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚባል ነገር እንዳይቀበል ተጽፎበታል። ይሄ በጣም ደስ ይለኛል፣ ኪራይ የሚከፍለው ገበሬ ልጅ እዚያው መጥቶ በነፃ ይማራል፣ ያወጣው በሌላ በኩል ይመለስለታል። ድሆቹ ደግሞ ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ልብስ ይለብሳሉ፣ በቀን ደጋግመው ቤተክርስቲያን ገብተው ለንጉሡ፣ ለዊልያም፣ ለአሊስና ለወላጆቿ ነፍስ ይጸልያሉ፣ ዝም ማለት እንዲችሉ፣ እንዳይጣሉ፣ ያለ ፈቃድ እንዳይጠፉ ታዘዋል። ዛሬ ላይ ሆነን ካየነው ጥብቅ ነው፣ ሰውየው ለዳቦው በጸሎት እየከፈለ ነው የሚኖረው። ግን ደግሞ ለእያንዳንዱ የራሱ ክፍል ነው የተሰጠው፣ የራሱ በር፣ የራሱ እሳት ማንደጃ። አሥራ ሦስት ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ አላጎሩም። የድሃ ሰው በር ቆልፎ ብቻውን እሳት ሊሞቅ ይገባዋል ብሎ ማሰብ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም።

ቤቱ በቀይ ሸክላ ጡብ ነው የተሠራው፣ ለዚያ አካባቢ ጡብ ገና አዲስ ነገር ነበር። መሀሉ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ግቢ አለች፣ ዙሪያዋን በጣሪያ የተሸፈነ መተላለፊያ፣ ዝናብ ቢዘንብም ሽማግሌዎቹ ሳይረጥቡ እየዞሩ ደረጃውን ወጥተው በምዕራብ በኩል ቤተክርስቲያን ይገባሉ።

ዊልያም እንግዲህ ያኔ ወደ ላይ እየወጣ ነው። የንጉሡ ቀኝ እጅ ሆነ፣ ንጉሡን ከፈረንሳይዋ ማርጋሬት ኦፍ አንዡ ጋር ያዳረገው እሱ ነው፣ በ1444 ማርኪስ በ1448 ዱክ ተባለ። ግን በዚያው ልክ ፈረንሳይ ውስጥ የእንግሊዝ ይዞታ እየፈረሰ ነበር፣ ኖርማንዲ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእጃቸው ወጣ፣ ሕዝቡ ደግሞ ሸጠን አለ። በ1450 መጀመሪያ ፓርላማው ከሰሰው። ንጉሡ ሊያድነው ፈልጎ ለአምስት ዓመት ከአገር ይውጣ ብሎ ወሰነለት።

ሊሄድ ሲል ለሰባት ስምንት ዓመት ልጁ ለጆን ደብዳቤ ጻፈ። ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ፍርዱ ፍትሃዊ ነው አይደለም ብሎ አልተከራከረም፣ ጠላቶቹንም አልሰደበም፣ እግዚአብሔርን ፍራ፣ ንጉሥህን አትክዳ፣ እናትህን ስማ ነው ያለው፣ እናትህ የምትመክርህን ካደረግክ ይቀናሃል እያለ ነው ልጁን ለአሊስ አደራ የሚለው። እኔ ሳነበው ደ ላ ፖል የሚባለውን ፖለቲከኛ ሁሉ ረሳሁት፣ ልጁን ዳግም እንደማያይ የገባው አባት ብቻ ነው የቀረልኝ።

በሜይ መጀመሪያ ባህር ላይ ሳለ ኒኮላስ ኦፍ ዘ ታወር የሚባል ትልቅ መርከብ አስቆመው። የሆነውን ከቀናት በኋላ ለወዳጁ የጻፈ አንድ ሰው አለ፣ ደብዳቤውን እየጻፈ እንባው ቀለሙን እንዳበላሸበት ራሱ ይናገራል። ዊልያም መርከቡ ላይ ሲወጣ አለቃው እንኳን ደህና መጣህ ከሃዲ ብሎ ነው የተቀበለው። ከዚያ ወደ ትንሽ ጀልባ አወረዱትና ከመርከበኞቹ ሁሉ ተራ የሚባለው አንዱ አንገቱን እንዲያስቀምጥ አዘዘው፣ በዛገ ሰይፍ ስድስት ጊዜ ያህል መትቶ ቆረጠው፣ ልብሱን ገፈው ሬሳውን ዶቨር ባህር ዳር አሸዋ ላይ ጣሉት። የእንግሊዝ ትልቁ ዱክ ያለ ፍርድ ቤት፣ በዛገ ብረት።

በዚያው በጋ ጃክ ኬድ የሚባል ሰው የመራው የኬንት ሕዝብ አመጽ ለንደን ገባ። ፓርላማው ደግሞ አሊስም ከንጉሡ አጠገብ እንድትርቅ በስም ጠቅሶ ጠየቀ። አርባ ስድስት ዓመት ገደማዋ ነው፣ ሦስተኛ ባሏን ቀበረች፣ ሕፃን ልጅ አላት፣ አገር ጠልቷታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ታሪኩ ያበቃል ብሎ ይጠብቃል፣ አላበቃም ግን። ዩኤልም የሷ ነበረች፣ የባሏ አይደለችም። ቅድም በሴት ነው የመጣችው ያልኳችሁ ለዚህ ነው፣ ባሏ ላይ የመጣ መዓት ሁሉ የእናቷን ርስት በቀላሉ አይነካውም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ብቻዋን መራችው።

ብልህ ነበረች፣ ብልህ ብቻም አይደለም ጨክና ነው የኖረችው። የጽጌረዳዎች ጦርነት የሚሉት የላንካስተርና የዮርክ ቤት ፍልሚያ እየቀረበ ሲመጣ፣ ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ለላንካስተር ያገለገለ ሆኖ ሳለ፣ ልጇን የዮርኩን ዱክ ልጅ ኤልሳቤጥን አጋባችው። ልጅቷ ኋላ ንጉሥ ለሆኑት ለኤድዋርድ 4ኛና ለሪቻርድ 3ኛ እህታቸው ናት። ዮርኮች ሲያሸንፉ አሊስ አሸናፊዎቹ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ተገኘች። በ1471 ላንካስተሮች ጨርሰው ሲሸነፉ ደግሞ ያቺ ባሏ ያመጣት ንግሥት ማርጋሬት እስረኛ ሆና ለአሊስ ጥበቃ ተሰጠች፣ እዚያው ዩኤልም አጠገብ ዋሊንግፎርድ ግንብ። ድሮ አብረው ቤተመንግሥት የዋሉ ሴቶች ናቸው፣ አንዷ ጠባቂ አንዷ ታሳሪ ሆነው ሲገናኙ ምን እንደተባባሉ ማን ጆሮ ጠቢ በሆነ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን አሊስን ቅድስት አድርጎ መጻፍ ትክክል አይሆንም። ኖርፎክ ውስጥ ፓስተን የሚባል ቤተሰብ ከደ ላ ፖሎች ጋር በርስት ይካሰስ ነበር፣ ደብዳቤዎቻቸው እስከ ዛሬ ስላሉ የበደሉን ወሬ ከተበዳዩ አፍ እንሰማዋለን። በ1465 መኸር የልጇ የጆን ሰዎች ሄልዝደን የሚባለው የፓስተኖች ግቢ ገብተው ቤቱን አፈረሱት፣ ዕቃውን ዘረፉ፣ የሰፈሩን ቤተክርስቲያን ሳይቀር በረበሩ። የቤቱ እመቤት ማርጋሬት ፓስተን ለባሏ የጻፈችውን ያነበበ ሰው የደ ላ ፖልን ስም በበጎ ለማንሳት ይከብደዋል። ዩኤልም ላይ ለአሥራ ሦስት ድሃ እሳት የሚያነድ ቤተሰብ ሄልዝደን ላይ የሰው ጣሪያ ያወርዳል። ሁለቱም እውነት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጥበውም። ምናልባትም ያን ሁሉ ለነፍስ ጸልዩልን ያስባለው ይሄው ራሱ ይሆናል።

አሊስ በ1475 ሞተች። መቃብሯ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ በዋናው መቅደስና ድሆቹ በሚጸልዩበት የቅዱስ ዮሐንስ ጸሎት ቤት መሀል ነው፣ ይሄ አጋጣሚ አይደለም፣ ሽማግሌዎቹ በየቀኑ አጠገቧ እንዲጸልዩ ነው። ከላይ ከነጭ አልባስተር ድንጋይ የተቀረጸች ሴት እጆቿን አገናኝታ ተጋድማለች፣ ራሷ ላይ የማዕረግ አክሊል፣ ግራ ክንዷ ላይ የጋርተር ኒሻን (ከእንግሊዝ የክብር ኒሻኖች ትልቁ) ታስሯል፣ ለሴት ያልተለመደ ክብር ነው። ፊቷ ጠና ያለ፣ ጉንጯ ገባ ያለ የአሮጊት ፊት ነው፣ እንደ ሌሎቹ ሐውልቶች ልጃገረድ አላስመሰሏትም። ጎን ለጎን መላእክት ጋሻ ይዘው ቆመዋል።

ከታች ግን፣ ወለሉ ጋ በተከፈቱት ትንንሽ ቅስቶች አጎንብሰህ ስታይ ሌላ አሊስ አለች። ራቁቷን፣ ከስታ፣ ጎድኗ እየተቆጠረ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ አፏ ከፈት ብሎ፣ ከፈኑ እንደተገለጠባት ሬሳ። ከላይ ዱቼስ፣ ከታች አፈር። የሚገርመው ደግሞ ከሬሳዋ በላይ ያለው የጉድጓዱ ጣሪያ ላይ ሥዕል አለ፣ ብሥራተ ገብርኤል፣ ማርያም መግደላዊትና ዮሐንስ መጥምቅ። ይሄን ሥዕል ቆሞ ማየት አይቻልም፣ ወለሉ ላይ ተኝተህ አንገትህን ካላሾለክህ። ማለትም ለጎብኚ አልተሳለም፣ ለካህንም አልተሳለም፣ ለሬሳዋ ዓይን ብቻ ነው የተሳለው። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ሰው በማያየው ቦታ ማሳል፣ ይሄ ለታይታ የሚሰጥ ሰው ሥራ አይመስለኝም።

ድንጋዩ ላይ በላቲን የተጻፈው ደግሞ የባሎቿን ስም አይዘረዝርም። የዚህ ቤተክርስቲያን ባለአደራና የዚህ የድሆች ቤት የመጀመሪያ መሥራች ብሎ ነው የሚጠራት።

ከእሷ በኋላ ያለው ቶሎ ነው የሚያልቀው። ልጇ ጆን ብዙ ልጆች ወልዶ በ1492 በአልጋው ላይ ሞተ፣ ከቤቱ ዱኮች በአልጋው የሞተ እሱ ብቻ ነው። ትልቁ የልጅ ልጅ፣ የሊንከን ኤርል፣ አጎቱ ሪቻርድ 3ኛ ወራሹ ሊያደርገው ያሰበው ነበር፣ ቱዶሮች መንግሥቱን ሲይዙ አመጸና በ1487 ስቶክ ጦርነት ላይ ተገደለ። ቀጣዩ ኤድመንድ ከዱክነት ወደ ኤርልነት ዝቅ ተደረገ፣ ወደ ውጭ ኮበለለ፣ ተላልፎ ተሰጠ፣ ዓመታት ታስሮ በ1513 ሄንሪ 8ኛ አንገቱን አስቆረጠው። ሪቻርድ ፈረንሳይ ተሰዶ ነጩ ጽጌረዳ እየተባለ በ1525 ጣሊያን አገር ፓቪያ ላይ ለፈረንሳይ ሲዋጋ ወደቀ። ሌላው ወንድማቸው ዊልያም፣ ስሙ የአያቱ ነው፣ ምንም ይሄ ነው የሚባል ጥፋት ሳይገኝበት ለንደን ግንብ ውስጥ ሠላሳ ሰባት ዓመት ገደማ ታስሮ በ1539 እዚያው ሞተ። ወንጀሉ ደሙ ነው። አሊስ ልጇን ያዳነችበት ያ የዮርክ ጋብቻ የልጅ ልጆቿን ሁሉ የዙፋን ተቀናቃኝ አድርጎ አስጨረሳቸው።

ዩኤልም ርስቱና ግቢው ተወርሶ ለንጉሥ ሆነ። የሳፎክ ዱክ የሚለው ስም እንኳ ለሌላ ሰው፣ ለንጉሡ ጓደኛ ለቻርልስ ብራንደን ተሰጠ፣ ዩኤልምም ለተወሰነ ጊዜ በእጁ ገብታ ተመልሳ ወደ ንጉሥ ሄደች። ግቢው ቀስ በቀስ ፈራረሰ፣ ድንጋይና ጡቡ ተለቀመ።

ግን እዩት፣ ማርሽ ጊበን አልተወረሰችም። ኮኖክም ራምሪጅም። ምክንያቱም የኤድመንድ አልነበሩም። አሥራ ሦስቱ ድሆች የጌታቸው የልጅ ልጅ አንገቱ በተቆረጠበት ሳምንትም ድርሻቸውን ነው የወሰዱት፣ የነሱ ጌታ ኤድመንድ ስላልሆነ። አሊስና ዊልያም በ1437 ፈቃዱን ሲያስወጡ የራሳቸው ዘር እንዲህ ይጠፋል ብለው አስበው ይሆን? እኔ በከፊል አስበውበታል ባይ ነኝ፣ አባትና ወንድም በአንድ ወቅት የቀበረ፣ አያቱ በስደት የሞተበት ሰው ለራሱ ቤት ዕድሜ ዋስትና አይሰጥም።

ሁለተኛው ፈተና የባሰ ነበር። በ1547 የወጣው ሕግ ለሙታን ነፍስ ጸሎት የሚደረግባቸውን መሥሪያዎች ሁሉ ዘግቶ ንብረታቸውን ለመንግሥት አደረገ። ዩኤልም ደግሞ ዋና ሥራዋ ለሙታን መጸለይ ነው! በመላ አገሪቱ ስንትና ስንት የዚህ ዓይነት ተቋም ጠፋ። የዩኤልሙ ግን ተረፈ፣ ጸሎቱ ተቀየረ፣ ድሆቹና ልጆቹ ቀሩ። እንደኔ ግምት ያተረፈው ጸሎት ብቻ አለመሆኑ ነው፣ እውነተኛ ሽማግሌ የሚኖርበት፣ እውነተኛ ልጅ ፊደል የሚቆጥርበት ቤት ለመዝጋት እጅ ይከብዳል።

ሦስተኛው ነገር በ1617 መጣ። ንጉሥ ጄምስ 1ኛ የድሆቹን ቤት ኃላፊነት ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሬጂየስ ፕሮፌሰር (በንጉሥ የሚሾም ፕሮፌሰር ማለት ነው) ወንበር ጋር አያያዘው፣ የደብሩን አስተዳዳሪነት ደግሞ ቀደም ብሎ በ1605 ለሥነ መለኮት ፕሮፌሰሩ ሰጥቶ ነበር። እርግጥ ይሄ ለፕሮፌሰሮቹ ደመወዝ ማሟያ ነው፣ ለድሆቹ ተብሎ አይደለም፣ በመሀል ያለው ዘመንም ሁሉ መልካም አስተዳደር አልነበረም። ቢሆንም ቤቱ ባለቤት አልባ አልሆነም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሄንሪ አክላንድ የሚባል ሐኪም ወንበሩን ሲይዝ ሥራውን ከልቡ ወሰደው፣ ኮሌራን ኦክስፎርድ ላይ ያጠና፣ ንጹሕ ውሃና ፍሳሽ ላይ የሚሟገት ሰው ነው፣ ስለዚህ የቤቱ ንብረት የሆነችው ማርሽ ጊበን ሄዶ የገበሬዎቹን ጎጆ አይቶ እንዲሻሻል አደረገ። አራት መቶ ዓመት ኪራይ የከፈለው መንደር በመጨረሻ የሚያየው ባለርስት አገኘ፣ እሱም ሐኪም።

የደብሩ አስተዳዳሪነት ግን በ1871 ከፕሮፌሰሩ ወንበር ሲለያይ ጭቅጭቅ አመጣ። ሕጉ የሚሾመው ሰው የኦክስፎርድ አባል ይሁን ይላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን የካምብሪጅ ሰው መርጠው ለሹመቱ ሲሉ ኦክስፎርድ ላይ አስመዝግበው ሾሙት፣ ፓርላማው ተንጫጫ፣ የዩኤልም ቅሌት ተባለ። አንዲት የገጠር ደብር የእንግሊዝን ጠቅላይ ሚኒስትር ላብ በላብ አደረገችው።

የዩኤልምን ስም ማዕረጉ ላይ ያስገባ ሌላም መኳንንት ነበር፣ በ1721 ሎርድ ቻንስለሩ (የአገሪቱ ዋና የፍርድ ሹም) ቶማስ ፓርከር የማክልስፊልድ ኤርል ሲባል ቪስካውንት ፓርከር ኦፍ ዩኤልም የሚለው ተጨመረለት። ከአራት ዓመት በኋላ በሙስና ተከሶ 30,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ ማዕረጉ ግን እስካሁን በዘሩ አለ።

ዛሬ የድሆቹ ቤት ውስጡ ለዘመኑ ኑሮ እንዲመች ተቀይሯል፣ ጠባቦቹ ክፍሎች እየተቀላቀሉ ሰፋ ያሉ ቤቶች ሆነዋል፣ ቀይ መስቀል የሚለብስ የለም። ከታች ያለው ትምህርት ቤት የመንደሩ አንደኛ ደረጃ ነው፣ በመንግሥት ሥር ሆኖ በመጀመሪያው ሕንፃው ውስጥ እስካሁን ከሚያስተምሩት የአገሪቱ አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል፣ ክፍያም የለውም፣ ልክ ደንቡ ላይ እንደተጻፈው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ በዚያው በጡቡ በር ይገባሉ፣ የማርሽ ጊበን ኪራይም እስከዛሬ ይመጣል።